«ደህና ነኝ» ያሉ ሴቶች

ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የእግረኛውን መንገድ እየጠጋገኑ ነው። ጠዋት ከአፓርትመንታችን ስወጣ ሬንጁ ገና ይጨሳል፤ ከጎማ ቤቱና ከዶሮ መጥበሻው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ ባለበት ቀጥ አለ። ሌላው ሰው እናቱን የሚያስታውሰው በሽቶ ነው፣ በቅቤ ነው፤ ለእኔ እናቴን የሚያመጣልኝ ሬንጅ ነው። ምን ላድርግ፣ የደረሰኝ እሱ ነው። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱት ሠራተኞች የተገተረ ሽማግሌ ሲያዩ መንገድ የጠፋብኝ መሰላቸው መሰለኝ፣ አንዱ በዚያ በኩል እለፍ እያለ በእጁ አሳየኝ። አልጠፋብኝም። የሚደፍኑት ጉድጓድ የባስ ስቶፓችን ምሰሶ ተነቅሎ የቀረው ነው። ምሰሶው ከሄደ ቆይቷል፤ ጉድጓዱ ግን ዝናብና የሲጋራ ቁራጭ እየያዘ ከርሟል። እነሱ ይደፍናሉ፣ እኔ እዚያው እንደቆምኩ ናዝሬት ገባሁ።

ናዝሬት ያኔ ነፋስና አቧራ ነበረች። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሊለብስ ነው ተብሎ በርሜሎች ዳር ዳር ተደርድረዋል፣ ከሥራቸው እሳት ይነዳል፣ ሬንጁ እንደ ገንፎ እየተንፈቀፈቀ ይፈላል። የጋሪ ፈረሶች ሽታውን ስለማይወዱት አንገታቸውን እያጣመሙ ያልፋሉ። ጋሪው ከገበያ እስከ ባቡር ጣቢያ በስሙኒ ይወስድህ ነበር፤ በእግርህ መሄድ ከመረጥክ ደግሞ በዚያችው ስሙኒ ትኩስ ዳቦ ገዝተህ እየገመጥክ ትደርሳለህ። እኔ ሁልጊዜ ዳቦውን ነበር የምመርጠው። ጎረምሳው ሁሉ እግሩ ሥር የተንሰራፋ ሱሪ ለብሶ አቧራውን እየጠረገ ይንጎማለላል፣ ሴቶቹ ጸጉራቸውን አፍሮ አበጥረው ፀሐይ ላይ እንደ አበባ ይታያሉ። እኔ በረባሶዬን ተጫምቼ፣ ትከሻው የተጣፈ ካኪ ለብሼ ከእህል መጋዘን ጆንያ እሸከማለሁ። ቀበሌው በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ ይጮሃል፤ ስብሰባ፣ ዘፈን፣ ማስታወቂያ፣ ደግሞ ስብሰባ። ያኔ ማን ምን እንደነበረ፣ ማን በማን ላይ እንደተነሳ የሚያወሩ ብዙ ናቸው፤ እነሱ ያውሩት። እኔ የማስታውሰው ከዘፈኖቹ አንዷ ስትመጣ እናቴ መጥረጊያዋን አቁማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምትሰማውን ነው። ዘፈኗ ስታልቅ መጥረጊያው ይቀጥላል።

ከቤታችን ማዶ ቦኖ ነበር። ውሃው በሚለቀቅበት ሰዓት ባልዲውና ጀሪካኑ ጎዳናውን ይሞላዋል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሠራተኛ፣ የአስተማሪው ሚስት፣ እናቴ፣ ሁሉም እንዳመጣጡ ይሰለፋሉ። ተራ የዘለለ ይሰደባል፣ አንዳንዴም ባልዲው ይረገጥበታል፤ ግን ማንም ማንንም «አንተ በእርግጥ ውሃ ያስፈልግሃል ወይ? ምስክር አምጣ» ብሎ አያውቅም። መጠማት ይበቃል። ፊደልም እንደዚያው ነበር። እኔ ሀ ሁ ያልኩት ጺም ካወጣሁ በኋላ ነው። ከሥራ መልስ ቀበሌው አዳራሽ ገብቼ አግዳሚው ላይ፣ ከጠላ ሻጯና ከጋሪ ነጂው መካከል ቁጭ እላለሁ። ጋሪ ነጂው «ሐ»ን ሲጽፍ ልክ ፈረስ እንደሚያዞር ሙሉ ትከሻውን ያዞራል። ማይም ለመሆንህ ማስረጃ አቅርብ ያለኝ አልነበረም። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጠመኔ ሰጡኝ፣ አለቀ። ያን ዘመን የማማርርበት ብዙ ነገር አለኝ፣ ለጠመኔው ግን ክፉ አፍ የለኝም። ይህንንም የምጽፈው በሱ ነው።

ማስመስከር የነበረው ለሐኪም ቤት ነው። ድሃ በነፃ እንዲታከም ቀበሌ ወረቀት ይጽፍ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ወረቀቱ እንዲጻፍልህ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለህ፣ ጎረቤት ይመሰክራል፣ ድሃነትህ ይረጋገጣል። እናቴ ደረቷን ያማት ነበር፤ ስትስቅ እንኳ ሳቋ መሀል ላይ በሳል ይቆረጣል። የቀጠሮዋ ዋዜማ ምን አደረገች? ሳሙና ስላልነበረ ነጠላዋን በእንዶድ ፈትጋ አጠበች፣ ቀሚሷን አጠበች፣ ጎረቤት ሄዳ ሹሩባ ተሠራች። «ሰው ፊት ነው እኮ የምቀርበው» አለች። በማግስቱ ነጭ በነጭ ሆና፣ ቀና ብላ አዳራሹ ገባች። ሊቀመንበሩ ከላይ እስከ ታች አያት።

«እትዬ፣ ሰርግ ቤቱ በወዲያኛው በኩል ነው» አላት። ኮሚቴው ሳቀ።

ምስክሮቹ ተጠየቁ። ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ቤታችን ሽሮ ያለቀ ዕለት በነጠላቸው ሸፍነው የሚያመጡልን እነሱ ናቸው። ግን እናቴ ፊታቸው ቁጭ ብላ እየሰማች «ይቺ ሴት የምትቀምሰው የላትም» ብሎ ማን ይናገራል? ስድብ እኮ ነው። አንዱ ተነሳና «እሷ ጨዋ ናት፣ የሰው እጅ አይታ አታውቅም» አለ። ሁለተኛዋ «ተመስገን ነው፣ ልጇም ይሠራል» አለች። አክብረዋት ነው። በአክብሮት አስከለከሏት። እኔ፣ የልጅ ምስክርነት አይቆጠርም ተብዬ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። በመጨረሻ ራሷን ጠየቋት፤ «ችግር አለብሽ ወይ?» እሷም ነጠላዋን አስተካክላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። ወረቀቱ ቀረ። በቀጣዩ ክረምት እናቴም ቀረች። ወረቀቱ ቢገኝ ትድን ነበር ብዬ አልምልም፣ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው አዲሱን አስፋልት ያለፈችው በሰው ትከሻ እንደሆነ ነው።

ዘመን ሲባል ረጅም ነገር ይመስለናል። እኔ እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ ከእጅ መዳፍ የማትሰፋ ዘመን አይቻለሁ፤ ዛሬ ሳስባት ያቺም እንደ ናዝሬት ሩቅ ሆናለች። ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። ኢስተን የሚባለው የገበያ ማዕከል ሱቆቹ ጨልመው፣ የሆቴሎቹ ፓርኪንግ የርግብ መፈንጫ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት እኛ የማንከተተው ባስ ውስጥ ተገናኘን። የዌርሃውስ ሠራተኛው፣ ሽማግሌ የምትጠብቀዋ፣ የሆስፒታል ወለል የሚወለውለው፣ እኔ የዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ጠራጊው። የፊት በሩ ተዘጋና በኋላ በር ግቡ አሉን፣ ከሾፌሩ ጀርባ ሰንሰለት ተወጠረ፣ የመክፈያው ማሽን ከሰንሰለቱ ማዶ ብቻውን ቀረ። በነፃ ነው ተባለ። ለማን? ለገባው። ካርድ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ በሩ ሲከፈት ትገባለህ። መስኮቶቹ ተከፍተው የሚያዝያ ብርድና ያበቡት ዛፎች ሽታ ይገባል፣ ሁሉም ማስኩን አድርጎ ዓይኑ ብቻ ይታያል፣ ባሱ ባዶውን አቬኑ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ሰው ያልቅ ነበር፣ ፍርሃት ነበር፣ አውቃለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እዚህ አገር ስኖር ማንም ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር የተሰጠኝ ያኔ ነው። የልጅ ልጄም ትምህርት ቤቷ ምሳ ለሁሉም ልጅ በነፃ የሆነበት ጊዜ ነበር። «ማን ማን ነው የሚበላው?» ብላት «ኤቭሪባዲ!» አለችኝ፣ ጥያቄዬ ሞኝ ጥያቄ እንደሆነ ሁሉ ዓይኗን አዙራ።

ጎኔ የምትቀመጠው እትዬ አስካለ ነበረች፤ ከእኔ ሥር ባለው ፎቅ የምትኖር ጎረቤቴ። ዕድሜዋን ሽማግሌ ስትጠብቅ ጨርሳ፣ ልታርፍ ስትል ኩላሊቷ ከዳት። በሳምንት ሦስት ቀን ዳውንታውን አጠገብ ያለ ክሊኒክ ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ጴንጤ ናት፣ በአማርኛው ቸርች የመዘምራን እናት የሚሏት። ወደ ማሽኑ ስትሄድ ባርኔጣ ታደርጋለች፣ ጓንት ታደርጋለች፣ ካፖርቷ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ቢራቢሮ ትሰካለች።

«ጋሽ ወርቁ፣ ዛሬም ተኮሳትረህ ነው? ማስኩ ባይጋርድህ ሾፌሩ ጥሎን ይወርድ ነበር» ትለኛለች።

«አንቺስ፣ ትናንት ምን አሉሽ? ያምሻል?»

«ያምሻል አትበለኝ አላልኩህም? ታመምኩ አልልም። አፍ የተናገረውን ያጸናል፤ እኔ በእምነት ተፈውሻለሁ።»

«ከተፈወስሽ ማሽኑ ጋ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማሽኑን ልባርክ ነዋ!» ብላ ትስቃለች፣ ማስኳ እስኪነፋ። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው በዓል ሲሆን ነው፣ እሷ ደግሞ ሳታሰልስ ትጸልይልኛለች። ክሊኒኩ አጠገብ ስንደርስ ባርኔጣዋን አስተካክላ፣ «ጌታ ይጠብቅህ፣ ምላስህን ደግሞ አብልጦ» ብላኝ ትወርዳለች። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ያቺው ሴት ግራጫ ሆና መቀመጫው ላይ አገኛታለሁ፤ ከማሽን ስትወጣ ሰውነቷ እንደተጨመቀ ጨርቅ ነው። ግን ባሱ ደጃፋችን ያወርደናል፣ በሩ አንድ እርምጃ ነው፣ እኔም እንዳልያዝኳት እየሆንኩ እይዛታለሁ፣ እሷም እንዳልተያዘች ትሆናለች።

ከዚያ ነገር ሁሉ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ፤ ሰንሰለቱ ተነሳ፣ የባሱ መክፈያ ማሽን ጢጥ ማለት ጀመረ። ይህን እንኳ ቻልነው። ያላሰብነው ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። መስመሩ እንዲፈጥን ስቶፖች ይቀነሳሉ፣ የኛም ይነሳል። መራመድ ለሚቸግራቸው በራቸው ድረስ የሚመጣ ቫን አለ፤ ማመልከትና መገምገም ነው። ሂሩት ልጄ የካውንቲው መሥሪያ ቤት ውስጥ ለተቸገረ እርዳታ የምታደርስ ናት፣ እኔንም ወደዚህ አገር ያመጣችኝ እሷ ናት። እሑድ ቤቴ መጣችና ተጨቃጨቅን።

«አባዬ፣ ባስ በየበሩ ሲቆም ስሎው ይሆናል። ሰው ሥራ ሲረፍድበት መኪና ይገዛል፣ ባሱ ባዶውን ይሄዳል፣ ከዚያ ጭራሽ ይቀራል። ይኼንን ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም።»

«ቫኑ ደግሞ ለእትዬ አስካለ ከስቶፑ ይሻላታል። ባጀት ሊሚትድ ነው። ለሁሉም ከበተንከው በጣም የተቸገረው ጋ አይደርስም።»

«ለሁሉም ስጪና ካለው ላይ በግብር መልሺ። በር ዘግተሽ፣ ዘበኛ ቀጥረሽ፣ ለዘበኛው ከምትከፍዪ።»

«ግብሩን ማን ቮት ያደርግልሃል? አንተ ገና ሲቲዝን እንኳ አልሆንክ!»

እዚህ ላይ አሸነፈችኝ። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው በር የምትከፍት ሰው ናት፣ በሩን የሠራችው እሷ አይደለችም። ቫኑም ጥሩ ነገር ነው። እኔን የበላኝ ግምገማ የምትለዋ ቃል ናት። እትዬ አስካለ ባርኔጣዋን አድርጋ ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ ታየችኝ።

የግምገማው ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ገና ከቤት ሳንወጣ አስማለችኝ፤ «ትንፍሽ እንዳትል። የሚጠይቁት እኔን ነው።» አዲስ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ቢሮው ዳውንታውን፣ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ነው። ገምጋሚዋ ትሁት ወጣት ሴት ነበረች፣ ጠረጴዛው ላይ ስልክ አለ፣ ስልኩ ውስጥ ከየትም ይሁን ከየት አማርኛ አስተርጓሚ ተቀምጧል።

«እናቴ እንደምን አሉ? ዛሬ ጤናዎ እንዴት ነው ትላለች» አለ ስልኩ።

«ክብር ለጌታ ይሁን፣ በጣም ደህና ነኝ! አንተስ ልጄ? ቤተሰብ? እናትህ አለች?»

«አለች እናቴ፣ ይመስገን።» ከዚያ ተረጎመ። ገምጋሚዋ ፈገግ ብላ ጻፈች።

«ያለ ሰው እርዳታ ምን ያህል ርቀት መሄድ ይችላሉ?»

«ጌታ እስከረዳኝ የትም እሄዳለሁ።»

«ደረጃ መውጣትስ?»

«በሱ ብርታት።»

«ከዳያሊሲስ በኋላ የድካም ስሜት አለዎት?»

«ደካሞችን የሚያበረታ አምላክ ነው ያለኝ በላት።» ተረጎመላት፣ ምንም አላጎደለም። ገምጋሚዋ እስቲ ኮሪደሩን ሂጂልኝ አለቻት፤ እትዬ አስካለ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ መዘምራን መድረክ ሲወጡ እንደሚያደርጉት ቀና ብላ ሄዳ መጣች። ከማሽን ውጭ የዋለችበት ቀን ነበር። ስትመለስ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ምያለሁ። ሰማያዊው ቀሚስ ዓይኔ ላይ ነጭ ሆነብኝ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲዘፍን የሰማሁ መሰለኝ። ውጭ ስንወጣ አልቻልኩም።

«ዋሸሽ» አልኳት።

«አመንኩ እንጂ አልዋሸሁም።»

«እነሱ እምነትሽን አይደለም የጠየቁሽ፣ እግርሽን ነው!»

«አንተ እግርና እምነት ትለያለህ፣ እኔ አልለይም» ብላ ባሷን ልትጠብቅ ዞረች።

ዲናይ አደረጓት፣ ቫኑን ከለከሏት። ምሰሶውም ተነቀለ። አዲሱ ስቶፕ ከጎማ ቤቱ ወዲያ፣ ሰፊውን መስቀለኛ መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ለደህና ሰው ምንም አይደለም። ክረምቱ ገባ። እኔም ጋራዡ ሰዓቴን ስለቀየረብኝ ከእሷ ጋር መመለስ ቀረ። አንድ ቀን ማታ ላይ፣ በረዶው ሲቀልጥ ውሎ መልሶ እየጠጠረ፣ በጎማ ቤቱ አጥር ሥር ካለው ሣር ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ውሻ መሰለኝ። እትዬ አስካለ ናት። በእጇና በጉልበቷ እየሄደች ነው። ባርኔጣዋ ወድቆ ጸጉሯ ተገልጧል። ስታየኝ ቆመች፣ ማለት መዳኋን አቆመች።

«ጓንቴ ወድቆብኝ እየፈለግኩ ነው» አለችኝ።

ሁለቱም ጓንቶች እጇ ላይ ነበሩ። እኔም አብሬ ፈለግኩ። ሣሩን ዳበስኩ፣ አጥሩ ሥር አየሁ፣ «ይቅር፣ ሌላ ይገዛል» አልኩ፤ ከዚያ አንስቼ ወሰድኳት። ሳምንት ሳይሞላ የማሽኑን ቀን ዘለለች፤ «ዛሬ ጾም ላይ ነኝ» አለችኝ። ደግማ ዘለለች። ፊቷ አበጠ። ያን ማሽን የዘለለ ሰው የት እንደሚደርስ ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሂሩትን ደወልኩላት፤ ሌላ ቀን ብትሆን ተከራክራኝ ነበር፣ ያን ቀን ግን እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አፒል እናደርጋለን፣ ይግባኝ እንላለን» አለች። «ግን አባዬ፣ እዚያ የሚሰማው መጥፎ ቀኗ ነው። ጥሩ ቀኗን ከነገረቻቸው አለቀ። ሰው ይንገርላት።»

«እሷ አታስነግርም።»

«እንግዲያው ወይ ክብሯ ነው፣ ወይ እሷ።» ልጄ ይህን የምትለው ለስንት ሰው እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ድምፅዋ ላይ ድካም ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ገምጋሚው ሽማግሌ ወንድ ነበር፣ ስልኩ ያው ስልክ ነው። እትዬ አስካለ በዚያው ቀሚስ፣ ስላበጠች ጠቧት፣ «ክብር ለጌታ፣ ደህና ነኝ» ብላ ጀመረች። ሰውዬው ወደኔ ዞረና የምትጨምረው አለ ወይ አለኝ። አለኝ አልኩ። በእንግሊዝኛዬ አላመንኩትም፣ በአማርኛ ተናገርኩ፤ አስተርጓሚው አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሌላውን እደርብበታለሁ። ይህች ሴት ደህና አይደለችም አልኩ። ከማሽን ስትወጣ እግሯ አይሸከማትም፣ ብቻዋን መሄድ አትችልም፣ ሰው ካልደገፋት ትወድቃለች። ጎማ ቤቱ አጥር ሥር በአራት እግሯ ስትድህ አግኝቻታለሁ። አሁን ደግሞ መንገዱን ፈርታ ሕክምናዋን እየዘለለች ነው፣ ልትሞትባችሁ ነው አልኩ።  አስተርጓሚው ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጀመረው፣ ቀስ ብሎ፤ እሷም መዳኋን ሁለተኛ ጊዜ በሰው አገር ቋንቋ ሰማችው። ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። ጓንቶቿን አውልቃ ጭኗ ላይ አንዱን በሌላው ላይ አነባበረቻቸው።

«ጨርሰሃል?» አለችኝ።

«ጨርሻለሁ።»

በመልሱ ባስ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አፕሩቭ ሆነ፣ ተፈቀደላት። ቫኑ መምጣት ጀመረ፤ ማሽኗን አልዘለለችም፣ ፊቷም ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔን ግን ደረጃ ላይ ስታገኘኝ እንደ ግድግዳ ታልፈኛለች። ክረምቱ ወጣ፣ ዛፎቹ አበቡ፣ ሰላምታ የለም። በፓርኪንግ ጋራዡ ፎቆች ላይ መጥረጊያዬን እየገፋሁ ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው አዳንኩ ብዬ ልኮራ እፈልጋለሁ፣ አልሆንልኝ ይላል። አንድ ነገር ሊሰጡህ ሲሉ መጀመሪያ ልብስህን አውልቅ ከሚሉህ፣ የሰጡህ ነገር ያሞቅሃል፣ ብርዱ ግን ከውስጥ አይወጣም። እኔ ነበርኩ ያስወለቅኳት። ያን ቀን እንደገና ቢመጣም እደግመዋለሁ፤ ይቅርታም አልጠይቅም። የምለው፣ ስቶፑ ደጃፋችን ቢሆን ወይ ቫኑ ደውላ ለጠየቀች አሮጊት ሁሉ ቢመጣ ኖሮ እሷም ያን ሣር ባልዳኸችበት፣ እኔም ለሰው ባልተናገርኩት ነበር። ለማያስፈልጋት አንዲት አሮጊት ቢመጣስ? ትሂድ። ምን ታጎድላለች?

አንድ ጠዋት ወደ ሩቁ ስቶፕ ልሄድ ስወጣ ቫኑ በር ላይ ቆሟል፤ እሷ ባርኔጣዋን አድርጋ ውስጥ ተቀምጣለች። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ተንሸራታቹ በር ሲከፈት ሰማሁ።

«ጋሽ ወርቁ!»

ዞርኩ።

«ዳውንታውን አይደለም የምትሄደው?»

«ነው።»

«ታዲያ በእግርህ ወዴት ትኳትናለህ? ግባ።»

«አይፈቀድም፣ ለተመዘገበ ሰው ነው።»

«ብቻዋን መሄድ አትችልም፣ ሰው ካልደገፋት ትወድቃለች ብለህ በሁለት ቋንቋ ያወጅከው ማን ነው? እኔ ነኝ?» ድምፅዋ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። «ረዳት ይፈቀድላታል ብለው ጽፈዋል። ብቻዬን ስመላለስ ከረምኩ። በል፣ ና ደግፍ!»

ሾፌሩ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰውዬ፣ ማን ነው እሱ ብሎ ጠየቃት። ገባሁና ጎኗ ተቀመጥኩ። እሷ ጓንቷን ስባ አስተካከለችና በመዘምራን ድምፅዋ፣ እኔም እንድሰማ፣ በእንግሊዝኛ መለሰችለት።

«ረዳቴ ነው። ትንሽ ደከም ያለ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ሰውዬው በመስተዋቱ አየኝ፣ አዘነልኝ። አልተቃወምኩም። ቀበቶዬን አሰርኩ።